በሰማያዊው ገመድ ሁለት ጫፍ

እኔ ብዙ አላወራም። ልጄ ረድኤት «እማ፣ አንቺ ጻፊው፤ እኔ ሳወራው ሰው የሥራ ወሬ ይመስለዋል» እያለች ባትነዘንዘኝ ኖሮ ይህ ነገር በእኔና በአምላኬ መካከል ይቀር ነበር። የተደረገልኝን ውጬ ዝም ማለትም ደግሞ ከበደኝ። እንግዲህ ታገሡኝና እንደሆነው ልንገራችሁ።

አስካለ እባላለሁ። መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ዝቅ ብሎ የገመድና የጆንያ ሱቅ አለን። ሱቁ የባለቤቴ የታፈሰ ነው። ሲባጎ፣ የናይለን ገመድ፣ የጭነት ጠፍር፣ ጆንያ ሲሸጥ ነው ጸጉሩ የሸበተው። ገመድ በጣቶቹ መካከል አሻሽቶ «ይህ ይበጠሳል» ካለ ይበጠሳል። እኔ ድሮ ምሳ ይዤ መጥቼ ትንሽ አግዤው የምመለስ ነበርኩ። ሱቁን ማስተዳደር የጀመርኩት እሱ ከወደቀ ወዲህ ነው።

የወደቀው በዐቢይ ጾም ነው። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉ፤ ምላሱም ተሳሰረ። ይሰማል፣ ሁሉም ነገር ይገባዋል፤ መመለስ ግን አይችልም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሱን ተወልን። ከወራት በኋላ ሐኪሙ እግሩን አገላብጦ አየና «እግሩ እየመጣ ነው፤ ባለቤቱ ነው ያልመጣው» አለኝ። እውነቱን ነው። ታፈሰ ሁለት ጊዜ ሊቆም ሞክሮ ከወደቀ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ ጠበል ብናስመጣለት፣ ዝም።

ቤታችን ከራጉኤል ጀርባ ነው፤ ከሱቁ ሩቅ አይደለም። ሩቅ ባይሆንም ግን ቤት ቤት ነው፣ ሱቅም ሱቅ ነው። ሱቁን ካልከፈትኩ አንበላም። ከከፈትኩ እሱ ብቻውን ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ብቅ እያሉ ያዩልኛል፤ እሳቸውም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ደንበኛ ገመድ ለካልኝ ሲለኝ እኔ ሐሳቤ አልጋው ጋ ነበር። ስለዚህ ሦስቱንም ክንድ አራት እያደረግሁ እሰጥ ነበር።

ረድኤት ሥራዋ ሕንጻ ለሕንጻ እየዞሩ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። አንድ እሑድ አንዲት ትንሽ ሳጥን፣ አንዲት የጡጫ ያህል ካሜራና አንድ ጥቅል ሰማያዊ ገመድ ይዛ መጣች።

«አባዬን ከሱቅ ሆነሽ ታይዋለሽ። ታናግሪዋለሽም።»

ካሜራዋን አገላብጬ አየሁ። «ሶኬቷስ?»

«የላትም።»

«ታዲያ በምን ትሠራለች? በጸሎት?»

ሳቀች። «በዚህ ገመድ። ምስሉም፣ ድምፁም፣ መብራቱም በዚሁ በአንዱ ነው የሚሄደው። ሳጥኑ ሱቅ ይቀመጣል። ስዊች ይባላል፤ የመብራት ማብሪያው አይደለም፣ ሌላ ነው። ከሱቅ ሆኖ እዚህ ያለችውን ካሜራ ይመግባታል። ሆድሽ ውስጥ እያለሁ በምን ነበር የምበላው?»

«በእትብትሽ።»

«በቃ፣ ይህም እትብት ነው።»

ይህ ገባኝ። የቀረው ፍርሃቴ ሌላ ነበር። መብራት በዚህ ቀጭን ነገር እየሄደ አባቷን ቢነዝረውስ?

«አይነዝርም እማ። ሳጥኑ ዝም ብሎ አይሰጥም። መጀመሪያ በጣም ትንሽ ነካ ያደርግና ይጠይቃል፤ ‹ከኔ የምትበላ ነህ?› ይላል። ካሜራዋ ‹አዎ፣ ይህን ያህል ነው የምፈልገው› ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው የሚሰጠው። መልስ ካላገኘ አይሰጥም።»

ጡጦውን ለሕፃን ከመስጠታችን በፊት ወተቱን እጃችን ላይ ጠብ አድርገን እንደምንሞክረው ነው ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሰው እናት ነበረችው አልኩ።

ገመዱ ከመቶ ሜትር ካለፈ መብራቱም ወሬውም በደንብ አይደርስም አለችኝ። በእርምጃ ለካችው። ቤታችንን ከዚያ ወዲህ ያደረገ አምላክ ይመስገን። እሷና የሥራ ጓደኞቿ መንገዱን ሲወስዱት በዋናው ጎዳና ሳይሆን ከኋላ ባለው ቀጭን መተላለፊያ ነው። ሽቦው ራሱን ችሎ እንዳይንጠለጠል መጀመሪያ የናይለን ገመድ ዘረጉና ሰማያዊውን ከሱ ጋር አሰሩት። ያንን ናይለን የመረጠው ታፈሰ ነው። ረድኤት ከሱቅ ሦስት ዓይነት አምጥታ ደረቱ ላይ አኖረችለት። በግራ እጁ አንዱን አሻሸና ወረወረው፤ ሁለተኛውንም ወረወረው። ሦስተኛውን ይዞ አልለቅም አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሌላ ሆነ። ስልኬን ከሲባጎው ጥቅል ላይ አስደግፋለሁ። «ታፈሰ፣ አለሁ» እላለሁ፤ ድምፄ ከካሜራዋ ይወጣል። እሱ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ያወጣል። ይኸው ነው ወሬያችን። ስድስት ሰዓት ሲሆን አባታችን ሆይን አብረን እንደግማለን፤ እኔ በቃል፣ እሱ በከንፈሩ። ሳጥኑ ባትሪ ስላለው ሰፈሩ ሁሉ መብራት ሲጠፋ እንኳ ካሜራዋ አትጠፋም። ግንባሯ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለቻት። ታፈሰ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ እሷን እያየ ይውል ጀመር። እኔ ወደ እኔ የተመለሰ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ በዚያች ነጥብ ምን ያይ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

መርካቶን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጎረቤት መስመር ከጠየቀ አይከለከልም። ውሃም ይሁን መብራት፣ «ከኔ ሳብ» ነው። ሳጥናችን ስምንት ቀዳዳ ነበራት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሻይ ቤቱ ከእሷ ሳበ፣ ልብስ ሰፊው ሳበ፣ ወፍጮ ቤቱም ካሜራውን ሰካ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ረድኤት «ሳጥኗም እኮ አቅም አላት» ትላለች። እኔ ቀዳዳ ካለ ቦታ አለ ማለት ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ላይ ፀሐይ ወጥቷል። ሐጂ ከድር መጡ። ከእኛ ፊት ለፊት የፕላስቲክ ዕቃ የሚያከፋፍሉ ናቸው። ከታፈሰ ጋር ሲከራከሩ፣ ሲሰዳደቡ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ሲሮጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከኋላቸው አንድ የካሜራ ባለሙያ ተከትሏቸዋል። ባለሙያው የያዘው ካሜራ የእኛን አራት እጥፍ ያህላል።

«የረድኤት እናት፣ ያቺ ሳጥንሽ ለኔም ትተርፋለች ይላል ይህ ሰው።»

«ሐጂ፣ ሳጥኗም ሱቁም የእርስዎ ነው። ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ድስት ነው ካሜራ?»

«ይዞራል፣ ያያል፣ ሲጨልም በራሱ ያበራል አሉኝ። ሦስት ሚስት ባገባ ይህን ሁሉ አያደርጉልኝም።»

«ለሚስትዎ እነግራለሁ።»

«አረ በአላህ!»

ባለሙያው ሳጥኗን አየና አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል አለ፤ የመጨረሻዋ። የእኛ ቤት ገመድ አንደኛው ላይ ነበር፤ መጀመሪያ የገባው እሱ ነውና። ሊሰካ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት።

«ሐጂን መጨረሻ? ነውር አይደለም እንዴ! እንግዳ በር ሥር ይቀመጣል? የኔን ወደ መጨረሻ አድርገውና የሳቸውን ከፊት ሰካ።»

ባለሙያው ትከሻውን ነቀነቀ። «ለኔ አንድ ነው እናቴ።»

ሐጂ ራሳቸውን ያዙ። «ወላሂ፣ ለሽቦ ወንበር የምትለቅ ሴት ዛሬ አየሁ!»

ቀያየረው። ሁሉም ሠራ። ታፈሰ እጁን አወጣልኝ። የሐጂ ካሜራ አንገቱን እያዞረ መንገዱን ይቃኝ ጀመር። የሠፈሩ ሰው ቆሞ ሳቀበት።

ስድስት ሰዓት ላይ ጸሎታችንን አደረስን። ከዚያ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ዘጋ። ክረምት ነውና ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ይህ ግን ጥቁር ነበር። ነፋሱ መጣ፣ ሸራ ተነሣ፣ ጭድ ሻጮቹ ተሯሯጡ። ከዚያ በረዶ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የገዛ ድምፄ አይሰማኝም። ቀኑ እንደ ምሽት ሆነ። ማዶ የሐጂ ካሜራ ዓይኑ ዙሪያ ቀያይ ነጥቦች ሲበሩ አየሁ። «እውነትም በራሱ ያበራል» አልኩና ስልኬን ተመለከትኩ።

ታፈሰ የለም። ጥቁር።

የሱቁ መብራት አለ። የሳጥኗ መብራቶች ይርገበገባሉ። ሐጂ ካሜራቸው ይዞራል። የጠፋው የእኔ ብቻ ነው።

«ታፈሰ! አለሁ! ትሰማኛለህ?»

ድምፄ የትም አልሄደም። ስልኩን ዘግቼ ከፈትኩት፤ ጥቁር። እትዬ ዘነበች ጋ ደወልኩ።

«አስካልዬ፣ እኔ እኮ ልቅሶ ነኝ፣ ኮልፌ። ጠዋት ነግሬሽ ነበር። እኔስ ስወጣ ደህና ነበር፤ ሻይም ጠጥቷል። ምነው?»

«ምንም። ምንም አይደለም እትዬ።»

ረድኤት ጋ ደወልኩ። አዳማ ለሥራ ሄዳ ነበር። ይጠራል፣ አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል።

በዚህ ሰፈር ክረምት ከበጋ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፤ ቤቶቹ የተደጋገፉ ናቸው፣ የመብራቱ ሽቦ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው፣ ውሃ ሲገባበት እሳት ይተፋል። የታፈሰን አልጋ አሰብኩት። መነሣት የማይችል ሰው፣ መጣራት የማይችል ሰው።

ሐጂ ጋዜጣ ራሳቸው ላይ ይዘው እየዘለሉ ገቡ። «ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ታፈሰ ጠፋብኝ።»

«ከአልጋው ወዴት ይጠፋል?»

«ከስልኩ ሐጂ፤ ጨለመ።»

ስልኩን ወስደው አዩት። እንደመቀለድ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ሂጂ። አሁኑኑ ሂጂ። ሱቁን እኔ አያለሁ።»

«እርስዎ ገመድ ይሸጣሉ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ከባልሽ ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬ ምኑ ይጠፋኛል? አብሽሪ፣ አላህ አለ። ሂጂ!»

ወደ ቤት የምሄድባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ሁልጊዜ የምሄደው በዋናው ጎዳና ነው። ያን ቀን ግን በኋላው መተላለፊያ ገባሁ፤ ሰማያዊው ገመድ ባለበት። አስቤ ነው። ገመዱ ተበጥሶ ካገኘሁት፣ በረዶው ወይም የተሸካሚ ዕቃ ጎትቶት ነው፤ ታፈሰ ደህና ነው። ካልተበጠሰ ግን ችግሩ በሱ በኩል ነው።

ነጠላዬን ራሴ ላይ ጠቅልዬ ዓይኔን ከገመዱ ሳልነቅል ሄድኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል፤ ጭድ ይዞ ይወርዳል። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ገመዱ ደህና ነው። ከቆርቆሮው ሥር ሲያልፍ ደህና ነው። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ሲታጠፍ ደህና ነው። በሕይወቴ ገመድ ተበጥሶ እንዲጠብቀኝ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ደህና ሆኖ ባየሁት ቁጥር ልቤ እየከዳኝ ሄደ።

«ቅዱስ ራጉኤል፣ አደራህን። ሌላ አልጠይቅህም።»

ስልኬ ጮኸ። ረድኤት ናት።

«እማ፣ ጣራ ላይ ነበርኩ። ምን ሆናችሁ?»

«የአባትሽ ካሜራ ጠፋች። ገመዱ አልተበጠሰም፤ እያየሁት ነው።»

«ሌሎቹስ ይሠራሉ?»

«ይሠራሉ። የሐጂም ይሠራል።»

«የሐጂ? የቱ የሐጂ?»

«ዛሬ የሰኩት ነዋ፤ የሚዞረው።»

«የሚዞር ካሜራ። እማ፣ የት ነው የሰካው?»

«ከፊት። የእኛን ወደ መጨረሻ አደረግሁት። እንግዳ ናቸው እኮ።»

መጀመሪያ የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ሳቅ ነበር። «እማዬ! ጨለመ አይደል? ሲጨልም ያ ካሜራ መብራቱን ያበራል፤ ያኔ ብዙ ይበላል። ሳጥኗ ያላት የተወሰነ ነው። ሲያንሳት ለሁሉም አትቀንስም፤ አንዱን ትተወዋለች። ካልነገሯት በስተቀር የምትተወው መጨረሻ ላይ ያለውን ነው። አባዬ ምንም አልሆነም። ካሜራዋ ርቧት ነው።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። በረዶው ወደ ዝናብ እየተለወጠ ነበር። «ምንም አልሆነም?»

«ምንም። ወደ ሱቅ ተመለሽና የሐጂን ንቀይው፣ ወዲያው ትመጣለች።»

ተመስገን አልኩ። ዞርኩ። አዎ፣ ዞርኩ፤ ወደ ሱቅ ሁለት እርምጃ ያህል ሄጃለሁ። ሐጂ ገመዱን እንዴት እየለኩት ይሆን እያልኩ ነበር።

ያኔ ከራሴ በላይ ያለው ገመድ ተንቀጠቀጠ።

ገመድ ሻጭ ነኝ። ነፋስ የሚያወዛውዘውን ገመድና ሰው የያዘውን ገመድ ለይቼ አውቃለሁ። ነፋስ ገመድን ያንሳፍፈዋል። ሰው ሲይዘው ግን ይወጠራል፣ ይላላል፣ ደግሞ ይወጠራል። ይህ ይወጠር ነበር፣ ይላላ ነበር። ከቤታችን በኩል።

«እማ? እማ ሰማሽኝ?» ትላለች ረድኤት። ስልኩን እጄ ላይ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ጥጉን ዞርኩ።

ታፈሰ ቆሟል።

ግራ እጁ ናይለኑንና ሰማያዊውን አንድ ላይ ጨብጧል። ቀኝ ትከሻው ግድግዳውን ተደግፏል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማው ውሃ ወስዶታል። ከአልጋችን ሥር የማኖረውን የዝናብ ላስቲኬን በቀኝ ብብቱ ውስጥ ወሽቆታል። ዝናቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። አላየኝም፤ ዓይኑ ከገመዱ ጋር ነበር። ገመዱን ለቀቀ፣ ወደፊት ያዘ፣ ቀኝ እግሩን ጎተተ። እንደገና ለቀቀ፣ ያዘ፣ ጎተተ።

ድምፅ አላወጣሁም። ብጠራው የሚወድቅ መሰለኝ። ቀርቤ ከፊቱ ቆምኩ።

ቀና አለ። አየኝ። ያንን ፊት እስክሞት አልረሳውም። ገመዱን ለቀቀና በግራ እጁ ራሴን ያዘ፤ ቀጥሎ ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጎኔን። ላይ ታች ዳበሰኝ። ጆንያ ሲረከብ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ተቀዶ እንደሆነ በመዳፉ ይፈልጋል። እኔን ነው የፈተሸኝ። ሙሉ መሆኔን ሲያረጋግጥ ላስቲኩን በጥርሱ ስቦ ከብብቱ አወጣና ትከሻዬ ላይ ጣለው።

ከእጄ ላይ ረድኤት ትጮኻለች። «እማ! ምን ሆነሽ ነው?»

«አባትሽ እዚህ ነው።»

«እዚህ የት?»

«መንገድ ላይ።»

«ማን አመጣው?»

«እግሩ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ከአዳማ የሰማሁት ልቅሶ ብቻ ነው።

ጭድ ሻጮቹ አዩን። «ጋሽ ታፈሰ! ኧረ ጋሽ ታፈሰ ቆመዋል!» እያሉ መጡ። አንዱ ደረቅ ጭድ ከሸራ ሥር ስቦ መቀመጫ አደረገለት፣ አንዱ የራሱን ቦቲ አውልቆ አጠለቀለት። ተሸክመን ቤት እናድርስዎት አሉት። ራሱን ነቀነቀ። እኔም ወደ ቤት ላዞረው ስል እንቢ አለኝ። ጣቱን ወደ ሱቁ ዘረጋ። ግማሽ መንገድ ነበር የመጣው፤ የቀረውም ግማሽ ነበር። እሺ አልኩት። ትከሻዬን ያዘ። ሄድን።

ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ከአንድ ደንበኛ ጋር ገመድ ሲጓተቱ ደረስን። አዩት። ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ለማን እንደጸለዩ አውቃለሁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«አንተ ሰውዬ! ሱቅህን ልወርስ አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ ነው የምትመጣው?» አሉት።

ታፈሰ ሳቀ። በግማሽ አፉ፣ ከሆዱ። ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሐጂ ተጠመጠሙበትና አንገቱ ሥር አለቀሱ፤ ደንበኛው ነገሩ ሳይገባው አብሮ አለቀሰ።

ረድኤት ሥራዋን ጥላ ማምሻውን ቤት ደረሰች። ለምን እንደወጣ የነገረን ያኔ ነው። በካሜራዋ ግንባር ላይ ተመልሳ የበራችውን አረንጓዴ ነጥብ አሳያት፤ እጁን ጨበጠ፣ ጠፋ ለማለት። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ። ደግሞ ጨበጠ።

አልገባኝም ነበር። ረድኤት ናት የተረጎመችልኝ። «እማ፣ መብራት እንኳ ሲጠፋ የማትጠፋ፣ ካንቺ ሱቅ የምትበላ ነጥብ ናት። ስትጠፋበት አንቺ የሆንሽ ነገር ያለ መሰለው።»

ለካ ቀኑን ሙሉ እሷን የሚያያት እኔን ይጠብቅ ኖሯል። እኔ በአንዱ ጫፍ ሆኜ እሱን እጠብቃለሁ፤ እሱ በሌላው ጫፍ ሆኖ እኔን ይጠብቃል። ካሜራዋ ስትራብ ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብንና ከሁለት በኩል ተነሣን። ሐኪሙ «ባለቤቱ ነው ያልመጣው» ያለው ትዝ አለኝ። ለራሱ አልመጣም ነበር። ለእኔ ብሎ መጣ።

ልጄን በሳጥኗ ተቆጥቻት ነበር። «ሲያንሳት ለምን ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አታካፍልም? እኔ ብሆን አንዱን እንጀራ ቆርሼ ለሁሉም አጎርስ ነበር።»

«ካሜራ እንጀራ አይደለም እማ። ከሚበቃት ትንሽ ካነሰ አትሠራም። ለሁሉም ቢቀነስ ሁሉም ይጠፋ ነበር።» ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ ነገር ጻፈች። «አሁን የአባዬን ቀዳዳ ‹ቀዳሚ› አልኩት። መጨረሻም ይሰካ ፊት፣ ቢያንሳት የምትተወው ሌላውን ነው።» ሐጂም በማግስቱ የራሳቸውን ሳጥን አስገዙ። «ከሰው ጉሮሮ እየነጠቅሁ ሌባ አልጠብቅም» አሉ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ቤታችሁ የተኛ ሰው ካለ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔ ምሁር አይደለሁም። ግን ታማሚን ማየት ብቻ አይበቃም፤ እሱም እናንተን ይይ። የሚያስብለት፣ የሚፈራለት፣ ላስቲክ የሚያቀብለው ሰው ይኑረው። እኛ ስንመግበው ይህን እንዳንነጥቀው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እግዚአብሔር በበረዶ መካከል አሳየኝ። በሳምንቱ ራጉኤል ሄጄ ጧፍ አበራሁ።

አሁን ታፈሰ ምርኩዝ ይዞ ይሄዳል። ሰማዩ ደህና ሲሆን ሱቅ ይመጣል፤ ሲዘንብ ቤት ይቀራል። ረድኤት ከአልጋው ራስጌ አንድ ስክሪን አቆመችለት። እሱም ሶኬት የለውም፤ ከዚያው ሰማያዊ ገመድ ይበላል። ሱቁ ውስጥም ለእኔ ካሜራ ሰቀለች፣ ድምፅ የምታወጣ። አሁን ሁለታችንም እንተያያለን።

ባለፈው ሳምንት ዘነበ። አንድ ረጅም ደንበኛ መጣና ገመድ በራሱ ክንድ ካልለካሁ አለኝ። እሺ፣ ለካ አልኩት። ክንዱን በደንብ ከዘረጋ በኋላ ገመዱን ያላላዋል፤ ሦስት ክንድ ላይ የአንድ ስንዝር ትርፍ ይዞብኛል። ከራሴ በላይ፣ ከግድግዳው፣ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ተሰባብሮ፣ ተጎትቶ፣ ግን ጥርት ብሎ፣

«ወ-ጥ-ረው!»

ደንበኛው ገመዱን ጥሎ ጣራውን አየ። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። ከወደቀ ወዲህ ያወጣት የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

«ማነው እሱ?» አለኝ ሰውየው።

«ባለሱቁ ነው» አልኩት። «በል ወጥረው።»